የማይወርደው ብሬከር

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ያኔም መምህር ሲጠይቁኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ይህን የምጽፈው በአፌ ብጀምረው እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው።

አዳማ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ማሽኔ አዳራሹ ጥግ ላይ ነው። ከኋላዬ ግድግዳ፣ ከፊቴ የጨርቅ ጥቅልል፣ በቀኜ የእኛን መስመር ማሽኖች የሚመግበው የመብራት ሳጥን አለ። ለመውጣት እንኳ በግራዬ ያለችው ሴትዮ ወንበሯን መሳብ አለባት። የሳጥኑ ማቋረጫ፣ ብሬከሩ፣ ወርዶ መስመሩ ሲጠፋ መልሼ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ሌላው ሰው ሳጥኑን ይፈራል። «መብራቱ አንቺን ለምዷል» ይሉኛል። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ከሩቅ በእስክሪብቶ ይጠቁመኛል እንጂ አይጠጋም።

ሳጥኑን የገጠሙት አንድ የሞጆ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ሲሠሩ አፍጥጬ ሳያቸው፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ብሬከር የሚጠብቀው ማሽኑን አይደለም፣ ገመዱን ነው። ገመዱ ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ይወርዳል» ብለውኝ ነበር።

በኋላ ሁለት ትልልቅ ካውያዎች በእኛ መስመር ላይ ተሰኩ። ብሬከሩ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይወርድ ጀመር። ሥራ በቆመ ቁጥር ሴቶቹ እኔን ያዩኛል።

«አንቺ ለሳጥኑ ቅርብ ነሽ፤ ሱፐርቫይዘሩን የማይወርድ ይቀየርልን በይው» አሉኝ።

«እሷን ነው የምትልኩት? አፍ የላትም እኮ!» ብላ ጎኔ ያለችው ሳቀች።

እልህ ሳይዘኝ አይቀርም፣ ሄጄ ነገርኩት። ፋብሪካው ከገባሁ ጀምሮ አለቃ ሳይጠራኝ ሄጄ ያናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሌላ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ የሠላሳ ሁለት አምፔሩን ብሬከር አወጣና የስልሳ ሦስት አስገባ። ገመዱ ያው ቀጭኑ ነው፤ አሁን ቢግል የሚያስቆመው የለም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጎኔ ያለችውም ጉንጬን ሳመችኝ።

ከዚያ በኋላ መብራት አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል። የገመዱ ቱቦ በትከሻዬ በኩል ስለሚወርድ ሙቀቱ በሹራቤ አልፎ ይሰማኛል። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ያስቀየርኩትም እኔው ነኝ። ስምንት ቀን ሙሉ እዚያ ጥግ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን እያዘጋጀሁ፣ እየተውኩት፣ ኮሌታ ሰፋሁ።

በዘጠነኛው ቀን ቱቦው ለስልሶ ሲጎብጥ አየሁ። እጄ ከአፌ ቀደመ፤ ብሬከሩን አወረድኩት። ማሽኑ ሁሉ ባንዴ ቆመ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«ይግላል።»

«ምኑ?»

«ገመዱ።»

ጥቅልሉን ተሻግሮ እጁን ወደ ቱቦው አስጠጋና ቶሎ ሰበሰበው። «ነገ ይታያል። ይሄ ትዕዛዝ ዛሬ መውጣት አለበት፤ መልሺው።»

አልመለስኩትም። እምቢ ማለቴ አልነበረም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

«አንተ ራስህ አንሳው!» አለችው ጎኔ ያለችው።

ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሽማግሌውን ኤሌክትሪሺያን ጠራ።

ሽማግሌው ከሞጆ እስኪደርሱ ሥራ ፈተን ተቀመጥን። ክዳኑን ሲከፍቱት የገመዱ ልባስ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል።

«ማነው ይሄን ያስቀየረው?»

«እኔ» አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ መሬት መሬቱን ያያል።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ገመዱን በአዲስ ቀይረው የሠላሳ ሁለቱን መለሱ። ካውያዎቹ ከዋናው ሳጥን የራሳቸው መስመር እስኪሳብላቸው እንዳይሰኩ ለሱፐርቫይዘሩ አስጠነቀቁት። ማሽኖቹ ተነሱ። ጎኔ ያለችው ወንበሯን መልሳ አስጠጋች፤ እኔም እንደ ድሮው ጥጌ ውስጥ ቀረሁ።

ሽማግሌው መሣሪያቸውን ሰብስበው ሲሄዱ በጥቅልሉ ላይ ጎንበስ አሉ። «ሲወርድ ዝም ብለሽ አትመልሺው። ለምን ወረደ ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂ። እሺ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በአፍሽ እንጂ፣ ልጄ።»