«ልክ» ያልኳት ልጅ

ጀንፈል ቡና ከጆንያ ሲራገፍ የሚወጣው ያ አቧራ አቧራ የሚል ሽታ፣ ዛሬም ገበያ መሀል ድንገት ሲያገኘኝ ቆም ያደርገኛል። አስተማሪነትን የጀመርኩት በዚያ ሽታ ውስጥ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በሳይኮሎጂ እንደተመረቅሁ ነቀምት የመምህር ቦታ አለ ተባልኩና ከአዲስ አበባ ሄድኩ። ዲሬክተሩ ወረቀቴን አገላብጠው «እስቲ መስከረም ይጥባ» አሉኝ። ክረምቱን የት ልውደቅ? አንድ ቡና ነጋዴ ከመጋዘናቸው አጠገብ ያለችውን ክፍል አሳዩኝ።

«ሳይኮሎጂ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሰው ሐሳብና ጠባይ የሚጠናበት ትምህርት ነው።»

«እንግዲያ እኔ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?»

ለካ የሚያስቡት ስለ እህታቸው ልጅ ኖሯል። ከዲጋ ገጠር ያመጧት፣ ከኦሮምኛ በቀር የማታውቅ፣ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ነበረች። መስከረም ላይ ዲሬክተሩ በአማርኛ ጠይቀዋት ካልመለሰች ትምህርት ቤት አትገባም። ዲጋ ከተመለሰች ደግሞ አባቷ ሊድራት ቃል ሰጥቷል። «በኪራዩ ፈንታ አማርኛ አስተምርልኝ» አሉኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እንማር ነበር። ዕቃ እያነሳሁ እጠይቃታለሁ። «ሚዛን» ትለኛለች።

«ልክ!» እላለሁ ደስ ብሎኝ።

ፊቷ ጥውልግ ይላል። «ቁና?» ትላለች ፈራ ተባ እያለች። የተማርኩበት መጽሐፍ የተመሰገነ ልጅ ይበረታል ይል ነበርና ድምፄን ጨምሬ «ልክ! ሚዛን፣ ልክ!» እላታለሁ። በዚህ ዓይነት ነሐሴ ሲጋመስ ጭራሽ አፏን ዘጋች። በራስ መተማመን እንደሚጎድላት ለአጎቷ በተመራቂ አንደበት አብራራሁላቸው። እሳቸውም ዲጋ ሊመልሷት ቆረጡ።

በዚያው ሰሞን የነጋዴው ሚስት መጋዘን ገብተው ሳለ፣ ድክ ድክ የሚለው ልጃቸው ጥሬ ቡና ወደ አፉ ሊከት ሆነ። «ለኪ! ለኪ!» ብለው ጮኹበት። ልጁ ቡናውን ጣለ፤ ፊቱም ጥውልግ አለ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ ምን አሉት?»

«እንዴ፣ ባርሲሳ! አስተማሪው ሆነህ ይህን አታውቅም? ቀኑን ሙሉ ልጅቷን የምትላት አይደለም እንዴ? ለኪ እኮ በኦሮምኛ 'አይደለም' ማለት ናት።»

ሚዛኑን እንደገና አነሳሁ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «ሚዛን» አለች። ከለኪ ሌላ በኦሮምኛ የማውቃት ቃል አንዲት ብቻ ነበረች። «ኤዬ» አልኳት፤ አዎ ማለት ነው። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ነጋዴውን ለምኜ እስከ መስከረም አስቆየኋት።

መስከረም ጠባ። ዲሬክተሩ እርሳስ አነሱ። «እርሳስ» አለቻቸው። «ልክ!» አሉ። እንዲህ ሊሏት እንደሚችሉ ነግሬያት ነበር፤ ግን ደንግጣ በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁላት። ትምህርት ቤት ገባች። እኔንም «ሳይኮሎጂህን ለራስህ ያዝና አማርኛ አስተምር» ብለው ቀጠሩኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ጊምቢ ስዛወር አውቶቡሱ ዲጋ ቆመ። እግሬን ላፍታታ ወርጄ በትምህርት ቤቱ መስኮት ሥር ሳልፍ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ያቺ ልጅ አስተማሪ ሆናለች። አንድ ትንሽ ልጅ እየተንተባተበ መለሰ።

«ልክ» አለችው። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የማይፈቀደውን የኦሮምኛ ቃል ጨመረችለት፤ «ኤዬ»።

ልጠራት ስል ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ምን ያህል እንደናፈቀችኝ ያወቅሁት፣ መኪናው ተነስቶ ድምፅዋ ሲጠፋብኝ ነው።