ጨው የምትረሳዋ ልጅ

መርካቶ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ካሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በአንዱ ውስጥ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። እዚህ ሰፈር ዝም ያለ ነጋዴ ጦሙን ያድራል፤ እኔ ደግሞ በምላሴ አልታማም። ክዳኑ የጠፋ ድስት ሸጬ ገዢዋ አመስግናኝ ሄዳለች። ይህን የምለው ልጎርር ፈልጌ አይደለም። ሰው ማሳመን የምችል ሴት መሆኔ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ ነው፤ የማወራው ስላቃተኝ ነገር ነውና።

ዕቃው እጄ የገባው ወድጄ አይደለም። ጅምላ ሻጩ ተራ ፔርሙዞችን ልገዛ ስሄድ እነዚህንም ሦስቱን ካልወሰድሽ አልሸጥልሽም አለኝ፤ የማይሄድ ዕቃ ከሚሄደው ጋር ማሰር የለመደ ነው። ሲያዩት ወፍራም ፔርሙዝ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እጀታ ያለው ድስት ተቀምጧል። ድስቱን አውጥቶ እሳት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ማንተክተክ፣ ከዚያ ወደ ቦታው መልሶ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነው። ከዚያ በኋላ እሳትም መብራትም አይፈልግም፤ በያዘው ሙቀት መኪና ላይም ሆነ ሜዳ ላይ ራሱን ያበስላል። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ሲከፈት ትኩስ ምሳ ይወጣዋል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ መሀል ላይ ከፍቶ ማየት የለም። ደንበኞቼ ይህን ሲሰሙ ይስቁብኛል። ሳይቀምሱ፣ ሳያማስሉ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሠራ ወጥ ምን ዓይነት ወጥ ነው ይሉኛል። ሁለቱ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ሦስተኛውን ለአባቴ ወሰድኩት።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መኪናው ግን የሰው ነው። ከመርካቶ ብርድ ልብስ፣ ሳፋና ደብተር ጭኖ ጅማ ያራግፋል፣ ሲመለስ ያገኘውን ጭኖ ይመጣል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አማኑኤል አካባቢ በተከራየኋት ቤት አብረን ነን፤ አብሮ መኖር ከተባለ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ባየው ነው። አምና እግሩ ማበጥ ሲጀምር እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ደም ግፊቱ ኩላሊቱን እየጎዳው መሆኑን ነገረችን። ጨው ካላቆመ የሚቀጥለው እጥበት ነው፣ እጥበት ከጀመረ ደግሞ መሪ መያዙ ያከትማል አለችው። አባቴ እሺ አላት። የአባቴ ችግር ይኸው ነው፤ እሺ ማለት ያውቅበታል። ሃምሳ ጊዜ እሺ ይላል፣ ከዚያ የፈለገውን ያደርጋል።

በማግስቱ ጨው የሚባል ነገር ከቤቴ አስወጣሁ። እኛ ቤት ጨው ማስወጣት የጨዉን ዕቃ ማንሳት ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲፈጭ ጨው አብሮት ይገባል፣ ሽሮውም እንደዚሁ። የነበረኝን ለጎረቤት ሰጥቼ እንደ አዲስ ያለ ጨው አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ጨው ረስተሻል ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ፤ በሦስተኛው ተናደድኩበት። ቤት ውስጥ ያለውን እንዲህ አድርጌ ያዝኩት። መንገድ ላይ ያለውን ግን ማን ይይዝልኛል? አባቴ ምሳውን የሚበላው ወልቂጤ፣ ራቱን ጅማ ነው። ያ ድስት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ድፍን ምስር በካሮት፣ በነጭ ሽንኩርትና ጨው በሌለው በርበሬ አንተከትክና ዘግቼ አስይዘዋለሁ። እንጀራውን ለብቻ እጠቀልልለታለሁ። አባቴ አልተከራከረኝም። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥጋ አታግቢበት አለኝ። ሰውዬው ለጤናው ማሰብ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ። ድስቱ በየጉዞው ባዶውን፣ ያውም ታጥቦ ይመለስ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ለመርካቶ ሴቶች ጉራዬን ነፋሁ። አባቴ መንገድ ላይ እንኳ የእኔን እጅ ነው የሚበላው እያልኩ አንዷ ከቀሩት ድስቶች አንዱን ልትገዛኝ ደርሳ ነበር፤ የዋጋው ነገር ነው ያስቀራት።

ከዚያ ለምርመራ ተመለስን። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና ብሶበታል አለች። ዞር ብላ ምግቡን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ጨው እንደማይገባበት እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ። ሴትየዋ እኔን ነው የጠረጠረችው። አባቴን አየሁት፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። ስንወጣ፣ በሚቀጥለው ጉዞ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ጅማ ማር ርካሽ ነው አሉ አልኩት። እሺ አለኝ።

ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ጋቢና ውስጥ በአባቴና በረዳቱ መሀል ተቀመጥኩ። ረዳቱ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር የጠረጠርኩት እሱን ነበር፤ ምስሩን ይህ ነው የሚጨርሰው ብዬ። ድስቱ ከኋላችን በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ዓለም ገና ላይ ብርድ ነበር፣ ቱሉ ቦሎን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ወሊሶ ላይ ሻይ ጠጣን። አባቴ ድስቱን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ረዳቱም አልነካውም። እኔ ግን በየጉድጓዱ እየዞርኩ ክዳኑ እንዳልላላ አይ ነበር፤ ሁለቱም ሳቁብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳህን ይዣለሁ። ሐሳቤ ወልቂጤ ስንደርስ ለአባቴ በሳህኗ አውጥቼ ፊቱ ማስቀመጥ፣ ክዳኑን መልሼ መዝጋትና እስኪጨርስ ከአጠገቡ አለመነሳት ነበር። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ወልቂጤ ሹፌሮች የሚያቆሙበት ምግብ ቤት ገባን። ባለቤቷ ጠና ያለች ሴት ናት፤ አባቴን ጋሼ ብላ ተቀበለችው። ድስቱን ከረዳቱ እጅ ወስዳ የት እንደሚቀመጥ የምታውቅ ሆና ረጅሙ ጠረጴዛ መሀል ላይ አኖረችው። ከጎኑ ማንም ሳያዛት ትልቅ ትሪ አስቀመጠች። ዙሪያውን ስድስት ሰባት ሹፌሮች ተቀምጠዋል። ሳህኔን አወጣሁና ክዳኑን ከፈትኩ። እንፋሎቱ ወጣ፣ ምስሩ እንዴት እንደበሰለ፤ ሰዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያኔ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ "እንብላ" አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ካለፈ በኋላ ነው የሰማሁት። ምን ላድርግ? ሰው ፊት ምግብ ከፍቶ እንብላ የማይል ልጅ አባቴም አላሳደገም።

ሌላ ቦታ ቢሆን ብሉ፣ ብሉ ብለው ይመልሱ ነበር። እነዚህ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። ባለቤቷ እንጀራ ዘረጋች፣ አባቴ ድስቱን ከእጄ ወስዶ ትሪው ላይ ገለበጠው። ሌሎቹም ያዘዙትን ሽሮና ጎመን ከጎኑ አፈሰሱ። ሁለቱ ሹፌሮች ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሲሰዱ ሥጋ አታግቢበት ያለኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ለጤናው አልነበረም። ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮት እንዲበላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ ለአንድ በሽተኛ የሠራሁ መስሎኝ ለሹፌር ማኅበር ስደግስ ከርሜያለሁ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ እስቅ ነበር። መጀመሪያ የቀመሰው ሰውዬ ባለቤቷን ቀና ብሎ አየ። እሷ የጨዉን ሳህን አስቀድማ ይዛ ቆማ ነበር። በጣቶቿ ሙሉ አፈሰችና ምስሩ ላይ በተነችው፣ ደግማ በተነችው፣ በእንጀራ እየገለበጠች አዋሐደችው። ከዚያ እየሳቀች ወደ እኔ ዞረች።

"ጨው የምትረሺው ልጅ አንቺ ነሽ?"

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። ከሹፌሮቹ አንዱ አባትሽ ስምሽን አያጠፋም፣ ልጄ ባለሙያ ናት፣ ጨው ብቻ ትረሳለች ነው የሚለን ብሎ አጽናናኝ። ሌላው ደግሞ ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል የሚለውን ተረተ። አባቴ ታሟል፣ ኩላሊቱ እየሞተ ነው፣ በእጃችሁ ነው የምትገድሉት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አባቴን አየሁት።

አልቆጣኝም። በዓይኑ አልጠቀሰኝም። እንጀራውን እጁ ላይ እንደያዘ ዝም ብሎ አየኝ። ከጎኑ የተቀመጠው ለመኪናው ባለቤት ጭነት የሚያገናኘው ደላላ ነው፤ ስንገባ አስተዋውቆኛል። አምና አንድ ሹፌር ጓደኛው የስኳር በሽታ እንዳለበት ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ በዚያው ሳምንት እንደተቀበሉት የነገረኝም አባቴ ራሱ ነው። ያ ሰውዬ ዛሬ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ማስቲካ ይሸጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያወጣውስ? ያወጣው እንጀራ የለውም። መርካቶን ሙሉ የማሳምን ሴት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

"አዎ፣ እረሳለሁ" አልኩ።

አባቴ መብላት ጀመረ። ጨዉ ከፈሰሰበት ከመሀሉ ነው የበላው። ደላላው አጎረሰው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ደገመለት፣ እሱም መልሶ አጎረሰው። እጄን አጣጥፌ አያለሁ። ሳህኗ ንጹሕ እንደሆነች ጭኔ ላይ ነበረች። ስንወጣ ባለቤቷ ጨው በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አስጨበጠችኝ፤ ቤትሽ ስትገቢ ዓይንሽ የሚያየው ቦታ አስቀምጪው አለችኝ። ድስቱን አጥባዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ያጠበችው እሷ ናት። አመስግኛት ወጣሁ።

ወደ ጊቤ ቁልቁል ስንወርድ ረዳቱ መስኮቱን ተደግፎ አንቀላፋ። አባቴ ማርሹን ቀንሶ በፍሬን እየያዘ ነበር። ለምን እንዳልነገራቸው ሳይሆን ለምን እኔን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ሰው ከቦኝ ተቀምጦ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ልብላ ወይ አለኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እያለ ነው ያሳደገኝ። እንግዲያው ንገራቸው፣ ሰዎች ናቸው ይገባቸዋል አልኩት።

"ብነግራቸው ጨዉን ያነሱልኛል" አለ። "በማግስቱ መኪናውን ያነሱብኛል።"

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርኩት የለም። ለእሱ ብቻ በትንሽ ዕቃ ለየሁለት፤ ለየሁትን ለረዳቱ ሰጠው። ጋቢና ውስጥ ብላ አልኩት፤ ተደብቆ መብላት የሌባ ነው አለኝ። ሥራውን ተው አልኩት፤ ትቼ ሱቅሽ በር ላይ ልቀመጥ ወይ አለኝ። ሌት ስለ እሱ አስባለሁ፣ ቀን ሱቄ ውስጥ ሰው አስቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ጎህ ሳይቀድ ምስሩን ጣድኩ። የሴትየዋ ጨው በወረቀቱ እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ጨው እሱ ብቻ ነው። ቆሜ አየሁት። ጨው የሌለው ከሄደ እሷ በእፍኝ ትበትንበታለች። ትንሽ ካለው ግን ምናልባት ቀምሰው ዝም ይላሉ። ይህን ሐኪሟን ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅኩም። ወረቀቱን ፈታሁ፣ በሦስት ጣቴ ቆነጠርኩ፣ ለአባቴ በገዛ እጄ ጨመርኩለት። ድስቱን ወደ ቦታው መልሼ ዘጋሁት። ከተዘጋ በኋላ አይከፈትም። ያን ቀን ሱቄ ውስጥ አንድ ሲኒ እንኳ መሸጥ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ መጣ። ድስቱ ባዶ ነው፣ ታጥቧል። አባቴን እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቻለሁ። ቁጭ ብሎ ጫማውን እያወለቀ ወሬውን ጀመረልኝ። ሴትየዋ የጨዉን ሳህን ይዛ መጥታ ሳትበትን መለሰችው፣ ሹፌሮቹም የልጅህ እጅ ተስተካከለ አሉኝ አለ። ካልሲውን ሲያወልቅ የላስቲኩ ቦታ እግሩ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል፤ በጣቱ ተጭኖ ይፈትገዋል፣ ጉድጓዱ አይሞላም።

በሚቀጥለውም እንደዚሁ አድርጊው አለኝ።

እሺ አልኩት።