ሦስት ቀን በሌላ ሰው ስም

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር በበረታበት ጊዜ፣ ቦሌ ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ይህን ግን ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ ከለቅሶ ቤት አይጠፋም።

የተወለድኩት ሆሳዕና አጠገብ ነው። ስሜ ሐንዲኖ ይባላል፤ ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ምእመናን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ፣ መሪዎቻቸው ታስረው የሚያገለግል ወጣት ሲፈልጉ፣ ያገሬ ሽማግሌዎች እኔን መርጠው ላኩኝ። ለምን እንደመረጡኝ ዛሬም አይገባኝም። ድምፁ ጥሩ ነው ይሉኝ ነበር።

ለእኔ አዲስ አበባ ውጭ አገር ማለት ነበረች። አማርኛዬን የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። ያረፍኩት ኡራኤል አጠገብ፣ ጋሽ ኤርጃቦ የሚባሉ ያገሬ ሰው ቤት ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በስውር ደግሞ ምእመናኑን የሚያሰባስቡት እሳቸው ነበሩ። የእኔ ሥራ ለማላውቀው ሰው ወንጌል መመስከር ነው። አገር ቤት ሳለሁ ገበያ መሀል ቆሜ አድርጌዋለሁ። የሚስቅ ይስቃል፣ የሚከራከር ይከራከራል። እዚህ ግን የሚከራከረኝ ጠፋ።

የመጀመሪያ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «እህቴ፣ ስለ ነፍስሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ እየተጋፋች ወረደች፤ መንገዷ እዚያ እንዳልነበር ያስታውቃል። በዚያ ወራት ስለ ነፍስ የሚጠይቅ ጎረምሳ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የገባኝ በኋላ ነው።

ሌላ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አገኘሁ። እሳቸው እንኳ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ እናትህ አለች?» አሉኝ።

«አለች» አልኳቸው።

«እንግዲያው ወደሷ ሂድ። እዚህ አገር አሁን የሚናገር ልጅ አይበረክትም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ማታ ጋሽ ኤርጃቦ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉኝ «ጥሩ ነው» እላለሁ። ጥሩ አልነበረም። አልጋዬ ላይ ወጥቼ አለቅስ ነበር።

መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ምእመናኑ አንድ ዘዴ ነበራቸው። አገር ቤት ዘመድ ሞቶ መርዶ መጣ ተብሎ አንዱ ግቢ ውስጥ ትንሽ ድንኳን ይተከላል። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እያዘነ ይገባል። ጸሎቱም ስብከቱም በለቅሶ ወግ፣ በዝግታ ይካሄዳል። የመጣ ሰው ቢያይ ሐዘንተኛ ነው የሚያየው።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ኤርጃቦ «ዛሬ የምትናገረው አንተ ነህ» አሉኝ። አብሮ መሄድ ስለሚያስጠረጥር ቀድመውኝ ወጡ። «ከኤርፖርቱ መንገድ ወደ ግራ ታጥፈህ፣ የባሕር ዛፉን አጥር ስታልፍ ድንኳን ታያለህ» ነበር ያሉኝ። ያኔ ከዚያ ወዲያ፣ ዛሬ ኢምፔሪያል የምንለው ሰፈር ድረስ፣ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነው። ቤት የሚታየው አለፍ አለፍ ብሎ ነው። የባሕር ዛፉን አጥር አለፍኩ፤ ድንኳን አየሁ፤ ገባሁ። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ድንኳን ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ሊደርስ የገባን ሰው ማን ነህ የሚለው የለም። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ ለወጉ ያህል «ማን ነው የሞተው?» አልኩት። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «የወይዘሮ አስካለ ወንድም። አገር ቤት» አለኝ። ልክ እንደተነገረኝ ነው አልኩ በልቤ።

ወይዘሮ አስካለ ጥቁር ለብሰው ምንጣፉ ላይ በሴቶቹ መሀል ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም። የሌሎቹም እንዲሁ ነው። ሟቹ ደግ ነበር፣ እንዲህ ያደርግ ነበር የሚል የለም። ስሙን የሚጠራ የለም። ሙሾ የለም። የእኛ ሰዎች ናቸው፣ ማስመሰሉን ግን አልቻሉበትም ብዬ ታዘብኳቸው። እኔን ብሎ ታዛቢ።

ጋሽ ኤርጃቦን ባያቸው የሉም። ቤት ውስጥ ይሆናሉ ብዬ ጥቂት ጠበቅኩ። ከዚያ ተነሣሁ።

«ወገኖቼ» አልኩ። ጌታን በልጅነቴ፣ ሆሳዕና አጠገብ፣ እንዴት እንዳገኘሁት ተናገርኩ። አገር ቤት የሚያውቁት ያ ድምፄም ተመለሰልኝ። «ጌታን ያገኘን ሰዎች ሞት አያስፈራንም፤ ስለዚህ ደስ ይበለን» አልኩ።

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። የሚያዩት ደግሞ እኔን አይደለም፤ ከኋላዬ የድንኳኑን በር ነው።

ዞር ስል ክላሽ ያነገበ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ጓደኞቹ ከውጭ ይጠብቁታል። «ማዶ ያለውን የጴንጤዎች ድንኳን አሁን በትነን፣ ሰዎቹን አስጭነን መምጣታችን ነው» አለ ረጋ ብሎ። «እዚህም አሉ ማለት ነው?»

የተሳሳትኩት ያኔ ገባኝ። ጋሽ ኤርጃቦ ተይዘዋል። እኔ ደግሞ በማላውቀው ሰው ሐዘን ላይ ቆሜ ደስ ይበለን ብያለሁ። አብዮት ጠባቂው ስሜን ቢጠይቀኝ ማለቄ ነው፤ ሐንዲኖ የሚባል ዘመድ ያለው ቤት አይመስልም። ደግሞስ እነዚህ ሰዎች ምን በወጣቸው? «አናውቀውም» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ወይዘሮ አስካለ ከምንጣፉ ተነሡ። መጥተው እጄን ያዙኝ።

«የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። «የሟቹ ልጅ። አባቱ ሆሳዕና ሲነግድ እዚያ ወልዶ ያሳደገው ነው። ዛሬ መድረሱ ነው። ያባቱ ሞት ቢያናግረው ይፈረድበታል?»

«ስሙ ማን ነው?»

እጄን የያዘው እጃቸው ጠበቀ።

«ግርማ» አሉ።

ከሴቶቹ አንዷ ጮኸች። ሌላዋ ተከተለች። እስካሁን ጭጭ ብሎ የቆየው ድንኳን በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጠ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይንሰቀሰቃሉ። ወይዘሮ አስካለ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው «ግርማ! ግርማዬ! የኔ ልጅ!» ይላሉ። ማስመሰላቸው መስሎኝ፣ ላግዛቸው ብዬ «አለሁ፣ አይዞዎት፣ አለሁ» አልኳቸው። ይብሱን ጮኹ።

አብዮት ጠባቂው «ግርማ ነው ያሉት?» አለ። ጠባቂው ራሱ የዚያው ሰፈር ልጅ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ወይዘሮ አስካለ ከአንገቴ ሳይነሡ «ግርማ። ስም አይመሳሰልም?» አሉት። ከዚያ ክላሹን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ «ሣልስቱ እስኪወጣ ከዚህ እንዳይንቀሳቀስ። እየመጣን እናያለን» አለና ወጣ። አዝኖልን ይሁን አፍሮ፣ አላውቅም።

ነገሩን የነገረችኝ ዘነበች የምትባል ጎረቤታቸው ናት፤ እራት ስታቀርብልኝ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ግርማ የእትዬ አስካለ ልጅ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንድያ ልጃቸው። ከዚሁ ቤት ወስደው ገደሉት። አስከሬኑንም ከለከሏቸው። እንዳይለቀስ ተብሎ ታዘዘ።»

«ወንድማቸውስ?»

«እሱማ ከሞተ ቆየ። ማልቀስ ቢያምረን እሱን እንደገና ገደልነው። ድንኳኑን በሱ ስም አስፈቀድን። ግን ተቀምጠን ዋልን እንጂ የልጁን ስም ለመጥራት የደፈረ አልነበረም።»

«አለሁ» ማለቴ ያኔ ትዝ አለኝ።

እስከ ሣልስቱ ግርማ ሆኜ ተቀመጥኩ። የግርማን ኮት አለበሱኝ፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ይሰፋኝ ነበር። የተኛሁትም አልጋው ላይ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሁሉ ቀጥታ ወደኔ ይመጣል። «ግርማ» ይለኝና አንገቴን አቅፎ ያለቅሳል። ደግነቱን፣ ኳስ ተጫዋችነቱን፣ ለእናቱ የሚያደርገውን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ይናገራል። አብዮት ጠባቂዎቹ እየመጡ ያዩናል። የሚያዩት አባቱ የሞተበትን ልጅ ሰው ሲያጽናናው ነው። እኔ አብሬ አለቅሳለሁ። ለጋሽ ኤርጃቦም፣ ለማላውቀው ልጅም፣ ስለ ፍርሃቴም ነበር የማለቅሰው።

ስለ ወንጌል ዳግመኛ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ወይዘሮ አስካለ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ያን ዕለት ሞት አያስፈራንም ያልከው» አሉኝ። «እውነትህን ነው?»

ብዙ የተማርኩት መልስ ነበረኝ።

«እፈራለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም ሲወስዱት ፈርቶ ነበር» አሉ። «ማንም ግን እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ሁሉም ጀግና ነበር ነው የሚሉኝ።» እጄን ያዙኝ። ከዚያ ሌላ ሰው ገባና ተነሡ።

ድንኳኑ ሲነሣ እስከ በር ሸኙኝ። ኮቱን ላወልቅ ስል ከለከሉኝ። ማዶ የቆመው አብዮት ጠባቂ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግርማ፣ በደህና ግባ። ደግሞ አትጥፋ» አሉ።

ጠፋሁ። ጋሽ ኤርጃቦ ለብዙ ጊዜ ታሰሩ። እኔም አገሬ ከገባሁ በኋላ ተይዤ ዓመታት በእስር አሳለፍኩ። ስፈታ መምጣት ፈለግኩ፤ ግን የወይዘሮ አስካለን ውሸት የሚያጋልጥ መሰለኝ። የእኔን ፊት አይቶ አንድ ሰው ቢጠይቅስ እያልኩ ስፈራ ዓመቱ ዓመትን ወለደ።

የሄድኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቦታው በቤት ተሞልቷል። በሩን ግን አልሳትኩትም። አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ዘነበች ናት፤ አርጅታለች፤ አላወቀችኝም።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ሐንዲኖ ብላት ምን ይገባታል? ያ ስም በዚያ ቤት አልተጠራም። «ግርማ ነኝ» አልኳት።

የበሩን ጠርዝ ያዘች። ብዙ አየችኝ። «ዘገየህ» አለችኝ። «ካረፉ ዓመት አልፏል።»

አስገባችኝና ነገረችኝ። ወይዘሮ አስካለ መጀመሪያ የቀበሌ ሰዎች ሲጠይቋቸው «ግርማ ሆሳዕና ገብቷል፤ ሥራ ይዟል» ይሉ ነበር። እየቆዩ ግን ለጎረቤቶቻቸውም እንደዚያው ይሉ ጀመር። የሚያርማቸው አልነበረም። ደርግ ወድቆ የሌሎች ሰዎች ልጆች በየድንኳኑ በስማቸው ሲለቀስላቸው፣ ጎረቤቶቹ «እትዬ፣ እኛም ለግርማ እንትከል» ቢሏቸው እንቢ አሉ። «መንገዱ አሁን ተከፍቷል፤ ይመጣል» አሉ። እስኪያርፉ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚነሡት እሳቸው ነበሩ።

የሄድኩት ለማመስገን ነበር። የማመሰግነው ሰው አጥቼ ግቢው ውስጥ፣ ድንኳኑ በነበረበት ቦታ፣ ጥቂት ቆሜ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰብኬአለሁ፤ ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ። ስለ ትንሣኤ የማምነውን ዛሬም አምናለሁ። ለቅሶ ቤት ስገባ ግን ካልጠየቁኝ አልናገርም። ወይዘሮ አስካለ በር በሩን እያዩ መክረማቸውን ሳስብ፣ በፍርሃት ያባከንኩት ጊዜ ያንገበግበኛል፤ ይህ ሐዘን ይሽራል ብዬም አልጠብቅም። ግርማ የብዙ ሰው ስም ነው፤ ገበያም ላይ፣ ታክሲ ውስጥም ሲጠሩት እሰማለሁ። በሰማሁ ቁጥር ዞር እላለሁ።