አረንጓዴው ያረፈበት ቤት

ቢሻው የስፌት መኪናውን በረንዳው ላይ ከማውጣቱ በፊት በየማለዳው ቀበሌ ይሄድና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። አዲስ ነገር ካልተለጠፈ ያለፈውን ይደግማል፤ ዝናብ ያጠፋውን ፊደል በቃሉ ይሞላል። ከወግዲ ፍየል ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ቆሞ ካዳመጠው ደግሞ ማብራሪያ ይጨምርለታል። ገበሬውም አንድም ነገር ሳይገባው፣ «አላህ ይስጥዎት» ብሎት ፍየሉን እየጎተተ ይሄዳል።

መካነ ሰላም ውስጥ ከቢሻው የተሻለ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመንግሥትን ቃል ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ግን አልነበረም። «ልማት» ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣበት ዘመን ነበርና እሱም ቃሉን እንደ ቁራጭ ጨርቅ ይሰበስባል። ሱሪ ሲያሳጥር «ማሻሻያ አደረግሁበት» ይላል። ወጥ ሲቀርብለት ቀምሶ፣ «የግብዓት እጥረት ይታይበታል» ይላል።

«ግብዓቱን የምታመጣው አንተ ነህ» ትለዋለች ሚስቱ በዛች። «ቅቤ አምጣና ይታይሃል።»

በስብሰባ ላይ ግን የሚፈለግ ሰው ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደሳለው ሰዓቱ ሲረዝምበት «የመጨረሻ አስተያየት?» ብሎ ወደሱ ያያል። ቢሻው ይነሣና «ያ ጀማዓ!» ይላል፣ «እናንተ ሰዎች» እንደማለት፤ ክርስቲያን ቢሆንም የአገሩ ወግ ነው። ከዚያ ይደግፋል። የደገፈው ሁሉ በጭብጨባ ይጸድቃል። የሰፈሩ ሰው የሚያጨበጭብበት ምክንያት ግልጽ ነበር፦ ቢሻው ከተነሣ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው። ገና «ያ» ሲል ሴቶቹ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ይዳብሳሉ።

የከተማው አዲስ ፕላን የቀረበው በሁለት ሺህ አምስት፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዞን የመጣ ወጣት ባለሙያ ባለ ቀለም ካርታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈ። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ ነው አለ። «እዚህ ደግሞ» አለና የእስክሪብቶውን ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀለም ላይ አሳረፈ፤ «ዋናው መንገድ ዳር ለሕዝቡ መናፈሻ የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ይኖራል።»

ቢሻው ሊቀ መንበሩ እስኪያየው እንኳ አልጠበቀም።

«ያ ጀማዓ! ከተማ ያለ አረንጓዴ ቦታ ኮት ያለ ገበር ማለት ነው። ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ይበርዳል። ስለዚህ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ!»

ጭብጨባው ደመቀ። ጎረቤቱ ሀጀራ ብቻ እጇን አወጣች። ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ፣ ተመልሳ የራሷን ቤት ያቆመች፣ አፏ የማይታሰር ሴት ናት።

«ወንድሜ፣ አረንጓዴው የማን ቤት ላይ ነው ያረፈው?»

«እህቴ፣ ፕላን የግለሰብ ስም አይጠራም» አለ ባለሙያው።

«እሱማ አይጠራም። ግን አምና ባሳያችሁን ካርታ ላይ አረንጓዴው ወዲያ ማዶ፣ ፎቅ ሊሠራ መሠረት ያስቆፈረው ሰውዬ ቦታ ላይ ነበር። እግር አወጣ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ደሳለው ግን «ጋሼ ቢሻው ማጠቃለያውን ሰጥተዋል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቢሻው የተለጠፈ ነገር ሳያነብ አያልፍምና ወደ ካርታው ተጠጋ። ጣቱን ከመስጊዱ አስነሣ፤ ወፍጮ ቤቱን አለፈ፤ ድልድዩን ተሻገረ፤ አረንጓዴው ላይ ቆመ። እንደገና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ መጣ። በዚያም በኩል የደረሰው እዚያው፣ የራሱ በረንዳ ላይ ነው።

ሀጀራ ከኋላው ቆማ ታያለች።

«መብሩክ፣ ጋሼ ቢሻው!» አለችው። «ገበሩ!»

‹በ›ን አጥብቃ ነው ያለችው። አላልታ ብትላት የኮቱ ገበር ትሆን ነበር፤ ስትጠብቅ ግን ‹ግብር ከፈሉ› ማለት ሆነች።

ቤቱ እንደገባ፣ «ቤታችን አረንጓዴ ሆነ» አላት በዛችን።

«ቀለም መቼ ገዛህ?»

እንደሚፈርስ ነገራት። ባለሙያው እንዳለው ምትክ ቦታ የሚሰጠው በወግዲ መውጫ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ እንደሆነም ነገራት። ልብስ ሰፊ የሚኖረው በአላፊ አግዳሚ ነው፤ ቁምጣ ሊያስጠግን ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም።

«እና አንተ ምን አልክ?»

«ደገፍሁ።»

በማግስቱ ቢሻው ወደ ደሳለው ቢሮ ሄደ።

«ስሕተት አለ፣ አቶ ደሳለው።»

«የምን ስሕተት፣ ጋሼ? የአንቱ ንግግር እኮ ዞን ድረስ ተወደደ። በምርጥ ተሞክሮነት ለሌሎች ቀበሌዎች ልናስፋፋው ነው።»

«የሚፈርሰው የኔ ቤት ነው!»

«ተሞክሮ የሆነው በዚያ ምክንያት አይደል? በገዛ ቤቱ ላይ የሚፈርድ ስንት ሰው አለ?» ደሳለው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ቅሬታ ካለዎ ለሕዝቡ ያቅርቡ። የወሰነው ሕዝቡ ነው።»

የሚቀጥለው ስብሰባ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነበር። ቢሻው ሲወጣ በዛች በሩ ላይ ያዘችው። «ቤቴን አታፍርሱብኝ በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።» እሱም መንገዱን ሙሉ ያችኑ ሲደግም ሄደ።

ስብሰባው ተራዘመ፤ ጀርባ ደከመ፤ ሕፃናት አለቀሱ። በመጨረሻ ደሳለው ወደሱ አየ። ቢሻው ተነሣ፤ አፉ የለመደውን አወጣ።

«ያ ጀማዓ!»

ነጠላው ተጣፋ። ከዘራው ተነሣ።

«ቆዩ! የዛሬው ድጋፍ አይደለም! ቤቴን…»

ጭብጨባው ዋጠው። ኋላ የተቀመጡት በሩ ጋ ደርሰዋል። እጁን ዘርግቶ ቢያስቆማቸው ማጨብጨቡን አጠነከሩት፤ የንግግሩ ማሳረጊያ መሰላቸው።

«ኧረ ቁጭ በሉ፣ እናንተ ሰዎች!» ብላ ጮኸች ሀጀራ። «ወላሂ፣ ሰውዬው ዛሬ የሚለው አለው!»

«ነገ ይለዋል» አላት አንድ ሽማግሌ ከደጅ።

«ጋሼ ቢሻውን እናመሰግናለን» አለ ደሳለው ለባዶ ወንበር። «ተቃውሞ ስላልቀረበ ጉዳዩ በነበረበት ጸንቷል።»

ሰኞ ጠዋት የካሳ ገማቾች ሜትር ይዘው መጡ። ቤቱ ከፋሲካ በፊት ፈረሰ።