ቲማቲሙን የጠጣው ዳቦ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የምጽፈው ለንደን ውስጥ አርችዌይ የሚባል ሰፈር፣ ከወንድሜና ከሚስቱ ጋር በምኖርበት ፍላት ውስጥ ስለሆነ ነገር ነው።

የወንድሜ ሚስት አራት የሥራ ባልደረቦቿን እራት ጠርታ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እኔ ሁልጊዜ ኩሽና ነው የምቀረው። ያን ቀን ግን ብሩስኬታ የሚባለውን የጣሊያኖች ዳቦ በስልኳ አሳየችኝና፣ «ካሳመርሽው አብረሽን ትቀመጫለሽ፤ የባሌ እህት ናት ብዬ አስተዋውቅሻለሁ» አለችኝ።

ዳቦውን ጠብሼ ነጭ ሽንኩርት አሸሁበት። ቲማቲሙን ከትፌ በበሶብላና በወይራ ዘይት ለወስኩት። እኛ አገር የሚጣፍጠው ወጥ በደንብ የገባበት እንጀራ ነው። ዳቦውም ጭማቂውን ይጠጣ ብዬ፣ እንግዶቹ ከመምጣታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ቲማቲሙን ከላዩ አደረግኩበት። ከዚያ ሄጄ ደህናውን ቀሚሴን ለበስኩ።

አንዷ እንግዳ ስታነሳው ዳቦው ተልፈስፍሶ ታጠፈ፤ ቲማቲሙም ነጭ ሸሚዟ ላይ ፈሰሰ። የወንድሜ ሚስት እየሳቀች በእንግሊዝኛ፣ «ይቅርታ፣ ቤት የምታግዘን ልጅ ናት፤ ገና እያስተማርኳት ነው» አለች። ይቺን ያህል እንግሊዝኛ ይገባኛል። ሁሉም ሳቁ። ወንድሜን አየሁት፤ እሱም ይስቃል።

ሳህኑን ይዤ ኩሽና ገባሁ። ወንድሜ ተከትሎኝ ሲመጣ ሊያጽናናኝ መስሎኝ ነበር። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ከጠየቁሽ፣ እህቱ ነኝ እንዳትዪ።»