አልገባም ያልኩት ሜሴጅ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ሚዛን ማጋደሌን፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ከአንዲት የባንክ ሠራተኛ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም የምታውቀው ግማሹን ነው።

ቡሬ ላይ የበርበሬና የበቆሎ ነጋዴ ነኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ገበያ አስተማረኝ። በርበሬ ውኃ ተርከፍክፎበት ሲመጣ ሳልነካው፣ ሲራገፍ በድምፁ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በስልክ ይሸወዳል? እኔ ተሸወድኩ፤ ያውም በሰው ካርድ።

ካርዱ የእማሆይ ጥሩወርቅ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ በርበሬያቸውን ለእኔ ነው የሚሸጡት። ባህር ዛፋቸውን ሸጠው የቤታቸውን ቆርቆሮ መግዣ ብር ባንክ ሲያስገቡ፣ ስልክ ስለሌላቸው የእኔን ቁጥር አስመዘገቡ። በእኛ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ በነጋዴ ስልክ ባንክ የከፈተው ገበሬ ብዙ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ የልጃቸው ባል ሁነኛው ያዘላቸው። ማሽኑ ጋ ሲሄዱ አራቱን ቁጥር የሚነካላቸው እሱ ነበር።

አንድ ጊዜ እማሆይ ለሰባት ቀን ጠበል ሲሄዱ ካርዱን አምጥተው፣ “እዚያ ሌባ አይጠፋም፤ አንተ ዘንድ ይቆየኝ ልጄ” አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ድምፁ የለሰለሰ፣ የባንክ ሰው የሚመስል። የእማሆይን ስም ከነአባታቸው ጠራና ካርዱ ዛሬ ካልታደሰ ይዘጋል አለኝ። በአደራ እኔ ዘንድ ነው አልኩት። እዚህ ድረስ እየተጠራጠርኩ ነበር። “ለአደራ ጠባቂው የአምስት መቶ ብር የአየር ሰዓት ሽልማት አለው” ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ። ከካርዱ ፊት ያለውን ቁጥር አነበብኩለት፤ ከጀርባው ያለውንም። በስልኬ ኮድ ሲገባ ነገርኩት። ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ወዲያው ብር መቆረጡን የሚናገሩ ሜሴጆች ተከታትለው መጡ። የአየር ሰዓቱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ያን ጊዜውኑ ባንክ ብሮጥ ነገሩ ሞኝነት ነበር፤ ኃጢአት አልነበረም። አልሮጥኩም። ሜሴጆቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። እማሆይ ሲመለሱ ካርዱን በሁለት እጄ አስረከብኳቸው። ጠበሉ እንዴት ነበር ብዬም ጠየቅኋቸው።

ቆርቆሮ ሊገዙ ከሁነኛው ጋር ባንክ ሲሄዱ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። “በካርዱ ወጥቷል” ተባሉ። ካርዱ እኔ ዘንድ መሰንበቱን ያነሣ አልጠፋም። ግን የሚስጥር ቁጥሩን እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ሁነኛው ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት መደብሬ ውስጥ ሁለት ቀን በርበሬ ሲያራግፍልኝ ውሏል። ከመሳቢያው ወስዶ፣ ብሩን አውጥቶ፣ ካርዱን መለሰው ተባለ። እኔ አላልኩም። ማለትም አላስፈለገኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሽማግሌዎች ተቀመጥን። ተቀመጥን የምለው እኔም አንዱ ሽማግሌ ስለነበርኩ ነው። ከመሃላችን አንዱ፣ “አንተ ሁነኛው፣ በልተኸው ከሆነ እኛን ሳትጠራ መብላትህ ነው የከፋው” አለው። ሰው ሳቀ። ሁነኛው ሳይስቅ ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሼ፣ ስልኩ እርስዎ ዘንድ ነው። ብር ሲወጣ ሜሴጅ ይገባል ይላሉ። ምን ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ ይንገሩልኝ፤ የት እንደነበርኩ እኔ ምስክር እጠራለሁ።”

“አልገባም” አልኩ።

“ምንም?”

“ምንም አልገባልኝም ልጄ።”

ልጄ አልኩት። እስቲ አሁን ልጄ ማለት ምን አስፈለገኝ? ዓይኔን አየና አንገቱን ደፋ። ቄሱ ተነሥተው ገዘቱ። የወሰደ፣ ሲወሰድ ያየ፣ አውቆ የሸሸገ ሁሉ በግዝት ይታሰር አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ እኔ ነበርኩ። እኔም ከሕዝቡ ጋር “ይሁን” አልኩ።

በዚያው ሳምንት እማሆይን “ብሩን እኔ ልከታተልልዎት” ብዬ ውክልና ላይ በጣታቸው አስፈረምኳቸውና ፍኖተ ሰላም ወዳለው ቅርንጫፍ ሄድኩ። የቡሬው ባንክ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀት አተመችና አየችኝ።

“ማሽን አልተነካም አባቴ፤ የሚስጥር ቁጥርም አልገባበትም። ኢንተርኔት ላይ ካለ ሱቅ ነው የተገዛበት። ኮዱ የሄደው ወደዚህ ስልክ ነው፤ የማን ነው?”

“የኔ ነው።”

“ለደወለው ሰው ነገሩት?”

“ነገርኩት።”

“አይሸማቀቁ፤ ትናንትም አንድ መምህር እንዲሁ ተታለው መጥተው ነበር” ብላ ፎርም ሰጠችኝ። ለማላውቃት ልጅ እውነቱን መናገር እንዴት እንደቀለለኝ።

ሁለቱ ግዢዎች ዕቃቸው ገና አልተላከም ነበርና ታገዱ። ከስንት ምልልስ በኋላ የእነሱ ብር ተመለሰ። የሦስተኛው ቀለጠ፤ እሱን ከኪሴ ሞላሁ። ይህን እንደ ጽድቅ አትቁጠሩልኝ።

ብሩ ከተመለሰ ሁነኛውም ነጻ ይወጣል ብዬ ነበር። እንዴት ተገኘ ሲሉኝ ግን “ተመለሰ” ብቻ አልኩ፤ አገሩም ሌላ አነበበ። ግዝቱ ሠራ፣ ሁነኛው ፈርቶ መለሰ ተባለ። እስከዚያ ድረስ ሌባነቱን የሚጠራጠሩ ነበሩ፤ ብሩ ሲመለስ አንድም የሚጠራጠር አልቀረም። እኔ ያስመለስኩት ብር ሌባ አደረገው። “መልሰሃልና ንስሐ ግባ” ሲሉት፣ “ባልሠራሁት?” አለ። ጽዋ ማኅበሩ ለጊዜው ይቆይ ብሎ አስወጣው። ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። እሱም እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ወደ ዱርቤቴ ከተማ ሄደ።

የባንኩ ወረቀት ያን ሁሉ ጊዜ በእጄ ነበር። የሚስጥር ቁጥር አልገባም ይላል፣ ከነማኅተሙ። አንድ እሑድ ቆሜ ባነበው የሚያበቃ ነገር ነው። ለምን አላነበብኩትም? እስር ፈርቼ? ማንም አያስረኝም። ያ ብልጥ ነጋዴ ለአየር ሰዓት ተሸወደ እንዳይሉኝ ነው። እኔ ሞኝ እንዳልባል ሰው ሌባ ተብሎ ከቀዬው ሲወጣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ።

ባለፈው ዓመት ዱርቤቴ በቆሎ ላስጭን ሄጄ ጆንያ ሲሸከም አገኘሁት። ከስቷል።

“ጋሼ፣ ደህና ነዎት? የእማሆይ ቤት ተሠራ?”

“ተሠራ።”

“ቆርቆሮ ለበሰ?”

“ለበሰ።”

“እሰይ” አለና ጆንያውን አነሣ። መናገር ሲገባኝ ስለ መንገዱ መበላሸት አወራሁለት። ከሸክሙ ዋጋ በላይ ብሰጠው ትርፉን መለሰልኝ።

ለእናንተ መንገሬም ያው የነጋዴ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የላችሁም፤ ይቅር ብትሉኝ የምከፍለው ዋጋ የለም። ስለዚህ ይቅር አትበሉኝ። ይቅር የሚል ሰው ዱርቤቴ ነው ያለው፤ ሊሰማኝ የሚገባው ሰው ደግሞ እዚያ ግቢ ነው፤ ከመደብሬ የሃያ ደቂቃ መንገድ።

ዛሬ ገበያ ነበር። እማሆይ በርበሬ ይዘው መጡ። ብሬን ያስመለሰልኝ እያሉ ሳይመርቁኝ አይሄዱም። “ስምህን ይጠብቅልህ ልጄ፤ ከሰው አፍ ይሰውርህ” አሉኝ።

አሜን አልኩ።