ለእሱ ያቆየሁት መጨረሻ

ብሎጉን የጀመርኩት በእልህ ነው። ያን ጊዜ ሐይፋ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ አጠገቡ ነሸር በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። ሃዳር ሰፈር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሱቅ በዕብራይስጥ የተተረጎሙ የሳይንስ ልብ ወለዶችን፣ የጠንቋይና የዘንዶ ታሪኮችን እየገዛሁ አውቶቡስ ላይ አነባለሁ። ያነበብኩትን የማወራው ሰው ግን አልነበረኝም። በኢንተርኔት አንድ የዕብራይስጥ አንባቢዎች መድረክ ገብቼ ነበር። ክፉዎች አይደሉም፤ ግን እኔ ስለ ጠፈር መርከብ ስጽፍ እነሱ አያቴ ስለነገረችኝ ተረት ይጠይቁኛል። አያቴ ተረት አታውቅም ነበር። ተናድጄ ወጣሁና በአማርኛ የራሴን ከፈትኩ።

እናቴ "ለማን ነው እምትጽፊው?" ትለኝ ነበር። ከዚያ አንባቢዎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ከቲራት ካርሜል አንድ የፋብሪካ ጥበቃ፣ በሁሉ ነገር የሚከራከረኝ። ከክርያት ሞጽኪን አንዲት ወታደር። ሌሎችም አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ። ሁላችንም በብዕር ስም ነበርን፣ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። አንዱ ደግሞ ከጎንደር ይጽፍ ነበር። ወንድሞቹ እስራኤል ገብተው እሱ ከእናቱ ጋር ቀርቷል። ወደ እስራኤል መግቢያ ተራችሁ ደረሰ ይባላሉ፣ ዕቃቸውን ይሸጣሉ፣ ከዚያ ቆዩ ይባላሉ። መጽሐፎቹን የሚያገኝበት መንገድ ስላልነበረው እኔ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተረክሁ እጽፍለታለሁ፤ እሱ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ያነባል። ከሁላችንም የተሻለ አንባቢ እሱ ነበር። እኔ ስጽፍ ያላየሁትን ቀዳዳ እሱ ያገኘዋል።

ከሁሉ የወደደው ቅጥር ባላት ከተማ በር ላይ ስለሰፈሩ ሰዎች የሚናገር ወፍራም ልብ ወለድ ነው። በሩ አልፎ አልፎ ይከፈታል፣ ስማቸው የተጠራ ይገባሉ፣ የቀሩት እዚያው ወልደው ያረጃሉ። "ይህ ደራሲ ጎንደር መጥቶ አይቶን ሄዷል" ብሎ ጻፈልኝ። በሳቅ ሞትኩ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን "አትጻፊው" አለ። "እኔ ሐይፋ ስመጣ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን በአፍሽ ትነግሪኛለሽ። እስከዚያ ማንም እንዳይሰማ።" የቲራት ካርሜሉ ተከራካሪ እንኳ አልተከራከረም። "ቤሰደር፣ እሺ፣ እንጠብቃለን" አለ። ሁሉም ተስማሙ።

እኔ መጨረሻውን አንብቤዋለሁ። የማይረባ ነው። ደራሲው ሰልችቶት የዘጋው ይመስላል። ሌላ መጽሐፍ ቢሆን ብሎጌ ላይ አብጠልጥዬ እጥለው ነበር። ለእሱ ግን ይህን መንገር አልቻልኩም። ሲመጣ ከወንድሞቹ ጋር ይሆናል፣ ያኔ አብረን እንስቅበታለን አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ጠፋ። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ እዚያ መብራትም ኔትወርክም ይጠፋል። "ምነው፣ ከዘንዶው ጋር ሸፈትክ እንዴ?" ብዬ ጻፍኩበት። ሌሎቹ አልሳቁም። ወታደሯ "ይመጣል" አለች። ከሳምንታት በኋላ የቲራት ካርሜሉ "ትንሽ አሞት ነበር አሉ" ብሎ ጣል አደረገ። እኔ ጅሏ ለበሽተኛ የሚሆን ቀላልና የሚያስቅ መጽሐፍ ፈልጌ መተረክ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ክፍል "ማረህ?" ብዬ እጀምራለሁ። ሌሎቹ ከሥር "እግዜር ይማረው" ይላሉ። የሐይፋ በጋ በዚህ አለቀ።

በዚያው ሰሞን የቲራት ካርሜሉ በግል መልእክት "የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ ከየት ናቸው?" እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። በእኛ ዘንድ አንድ ወንድ የሴት ልጅ ዘር መቁጠር ሲጀምር የሚከተለው የታወቀ ነው፤ ዝምድና እንደሌለን ካጣራ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። "ሰሊሓ፣ ይቅርታ፣ እኔ የምፈልገው አንባቢ እንጂ ባል አይደለም" አልኩት። እንዲተወኝ ብዬ ግን የአባቴን አገርና ሐይፋ ገብቶ መሞቱን ነገርኩት። ለእኛ ሰው ያ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ድረስ ጠይቀው ይደርሳሉ።

የዳስ በዓል፣ ሱኮት፣ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያጣፉ ሽማግሎች ነበሩ፣ ከኋላቸው የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰው። እኔ እንቅልፌን ሳልጨርስ ነውና "አላፍርም ብሎ ላከ!" ብዬ ተቆጣሁ። እናቴ ግን ሰዓቱን አይታ አወቀች። እንዲህ በማለዳ ለጋብቻ የሚመጣ የለም። "ወንድሜን! ወንድሜን ነው!" ብላ ጮኸች።

"እመት፣ ይረጋጉ፤ ወንድምዎ ደኅና ናቸው" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የመጣነው ለአንቺ ነው ልጄ። ያ ጎንደር የነበረው ወዳጅሽ በፋሲካ ማግሥት አርፏል። ኩላሊቱን ነው አሉን ወንድሞቹ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ሕመሙን አንድ ቀን እንኳ ጽፎልን አያውቅም። እኔ ስቀልድበት እሱ ከተቀበረ ቆይቷል፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። ማልቀሱ እንኳ አልመጣልኝም፣ የመጣው ንዴት ነው። የጥበቃ ልብስ ወደለበሰው ዞርኩ። ፊቱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

"በጋውን ሙሉ ማረህ ስል ዝም አልከኝ! ለምን አልጻፍክልኝም?"

"ሞት በኮሜንት ይነገራል?" አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ። "ብቻሽን ብትሆኚስ? አውቶቡስ ላይ ብትሆኚስ? ማን ይይዝሻል? ቤትሽን እስካገኝ ነው።"

ወጉ ይኸው ነው፣ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። እና በዚያ ወግ ምክንያት በጋውን ሙሉ ለሞተ ሰው ስቀልድ ከረምኩ።

ትልቁ ሽማግሌ በለሆሳስ "ዝምድናችሁ በምን በኩል ነው?" አሉኝ።

"በመጽሐፍ" አልኩ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እናቴ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈች። ጎረቤት መጣ፣ ወታደሯም ከጦር ሰፈሯ መጣች። ፎቶው እንኳ የሌለን ሰው ነበርና እያንዳንዳችን የጻፈውን ከስልካችን እያነበብን አለቀስንለት። ብሎጉ ላይ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልጨመርኩም። አሁን ሲከፈት የመጨረሻው ነገር የእኔው "ማረህ?" ነው፤ ብሎጉን ላጥፋው እላለሁ፣ ካጠፋሁት ደግሞ እሱ የጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ሰው ሲበተን እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ከለቅሶው መሀል ነገሩን ሰምታ ነበር።

"ያ ልጅ ያስቆየው መጨረሻ ምንድን ነው? እስቲ ለኔ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። የበሩ ጠባቂ ከእንቅልፉ ይነቃል። ከተማዋም፣ በሩም፣ ደጅ የሰፈሩት ሰዎችም ሕልሙ ነበሩ። ፊቱን ታጥቦ ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።

እናቴ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ ብላ አፍ አፌን አየች።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው እማ።"

"ያ ሁሉ ደጅ የተቀመጠ ሰው ውሸት ነው? የለም?"

"የለም።"

እናቴ ተነስታ ፍራሹን ማጠፍ ጀመረች።

"እንኳንም አልሰማ" አለች።